ባለመቀነቷ ጥይት

ሰው መሣሪያ ሲገዛ ጠመንጃ ይመርጣል። የሚስቴ አባት ግን የመረጡት ጥይት ነው። ጠመንጃዋ ጥይቷን ተከትላ የመጣች ጓዝ ነበረች ማለት ይቻላል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ አፌን ሞልቼ መክሬያቸዋለሁም። አልሰሙኝም። ዛሬም ያን ቀን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ንዴቱ ሲያልፍ ደግሞ እሳቸው ምኑ ላይ እንደተሳሳቱ ልለይ እሞክርና ያቅተኛል።

ጎጃሜ ነኝ። ለውሃ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ሰቆጣ ስመደብ ሐሳቤ ጥቂት ሠርቼ ዝውውር መጠየቅ ነበር። ጤና ጣቢያ የምትሠራ የደሃና ልጅ አገባሁና ዝውውሩ በዚያው ቀረ። የባለቤቴ ወላጆች ቤት ከአምደወርቅ ወጣ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። በክረምት ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ ግቢውን ይሞላዋል፤ ደጅ ቆሞ በረቱን ማየት ያቅታል። ከጉሙ ጋር ጅብ ይወጣል። እኛ አገር ጅብ የሚፈራው ሲጨልም ነው። እዚያ በጠራራ ቀንም ባይሆን በጉም ቀን፣ ሰው ምሳውን ሳይበላ ይፈራል።

አማቴ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ከሚስታቸውና ከበሬዎቻቸው ጋር የሚያወሩት በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛውን ለእንግዳ፣ ለቢሮና ለእኔ ያወጡታል። ልጃቸውን ካገባሁ በኋላም ብዙ ጊዜ «አንቱ» ይሉኝ ነበር። ልጅዎ ነኝ፣ አንተ ይበሉኝ ብዬ ብለምን ወይ ፍንክች! ማንንም ምንም አይጠይቁም። ቤታቸው እንግዳ ከመጣ ያላቸውን ያቀርባሉ፤ እሳቸው የሰው ደጅ ሄደው ግን ውሃ እንኳ ስጡኝ ሲሉ አልሰማሁም። ያላቸው ደግሞ ብዙ አይደለም። ዋናው ሀብታቸው ጥማድ በሬ ነው፤ አንደኛው ዳለቻ፣ ሁለተኛው ግንባሩ ነጭ ቦራ።

አንድ ክረምት ጅብ አህያቸውን ከደጃፍ በላባቸው። ቀጥሎ በሬዎቹ ናቸው ብለው ሰጉና ጠመንጃ ለመግዛት ወሰኑ። ደስ አለኝ። እኛ አገር ባዶ እጁን የሚሄድ አማት ያለው ሰው፣ ወንዶች ተሰብስበው ሲጫወቱ የሚያወራው ያጥረዋል።

አብሬያቸው የሄድኩት ወደ አንድ የቆየ ወዳጃቸው ቤት ነው። እኚህ ሰው በጎልማሳነታቸው ወደ ደቡብ ወርደው፣ ፈረንጅ አዳኞችን ከሚያስተናግድ ድርጅት ጋር ዱካ ሲከተሉና ቆዳ ሲገፉ ብዙ ዘመን የኖሩ ናቸው። አገራቸው የገቡት በሳልና በአንዲት ጠመንጃ ነው። ጠመንጃዋን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ «ከእንግዲህ ትከሻዬ አልቻላትም» ብሎ ትቶላቸው ሄዶ ኖሯል። አሁን የእሳቸውም ትከሻ ስላልቻላት ሊሸጧት ነው። በዚያው ቀን የአማቴ ጎረቤትም ክላሹን ተሸክሞ መጣ። አንድ በሬ ብቻ ነበረውና ክላሹን ሸጦ ሁለተኛ ሊገዛ ፈልጓል።

አዳኙ ሽማግሌ ጆንያ አነጠፉና ጥይቶቹን ጎን ለጎን አስተኟቸው። አንደኛዋ የጎረቤትየው የክላሽ ጥይት ናት፤ ሁሉም የሚያውቃት። ሁለተኛዋ የእሳቸው ናት። ከክላሿ እጥፍ ትረዝማለች፤ ናሷ ጠቁሯል፤ ቂጧ ላይ ደግሞ ዙሪያዋን የያዘ ከፍ ያለ ቀለበት አለ።

«ማግነም ትባላለች» አሉ አዳኙ። «ማግነም ብዙ ዓይነት ነው፤ ይቺ ስምንት ሚሊሜትሯ ግን እነሱም ዘንድ ብርቅ ናት። ያን ሰውዬ ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር፣ ጥይትህ ቢያልቅ ከየት ልታመጣ ነው እያሉ። እሱ ግን ሌላ አይዝም። ሩቅ ትሄዳለች፤ የነካችውን አታቆስልም፣ ትጥላለች።»

አማቴ ጥይቷን አንሥተው ቀለበቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «መቀነት ታጥቃለች» አሉ። ስሟ በዚያው ባለመቀነቷ ሆኖ ቀረ።

እኔ እዚህ ላይ ነው አፌን የከፈትኩት። ይቺ ጥይት የት ትገኛለች ብዬ ጠየቅኩ። የትም፣ አሉ አዳኙ፤ እኔ ካለችኝ ትንሽ በቀር ሰቆጣም፣ ባሕር ዳርም አታገኛትም። ታዲያ! የክላሽ ጥይት ጨው ቢጠፋ አይጠፋም፤ ቢያልቅብዎ ከጎረቤት ይበደራሉ፤ ጥይት ከሌለው ጠመንጃ ዘነዘና ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ ይወቅጣል፤ ለጅብ ደግሞ የጎሽ መግደያ ምን ያደርጋል... ብዙ አልኩ። ጎረቤትየው በተስፋ ያየኛል። አማቴ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝና ወደ ወዳጃቸው ዞሩ።

«በዚህ አገር ማንም የላትም?»

«ማንም።»

«እንግዲያስ ይቺን።»

ጎረቤትየው ክላሹን መልሶ ትከሻው ላይ አደረገ። ቅር እንዳለው ያስታውቃል፤ ግን «ይባርክልዎ» ብሎ መርቆ ወጣ።

መንገድ ላይ አላናገርኳቸውም። ምክሬን ያልሰማኝ ሰው ላይ አኮርፋለሁ፤ ጠባዬ ነው። እሳቸው ናቸው የጀመሩት፤ ከዚያ በፊት ብለውኝ በማያውቁት ስም።

«ልጄ፣ ድሮ እኔም ሞዘር ነበረኝ» አሉ። «ጎረቤት መጣና ጅብ አስቸገረኝ፣ ጥይት አበድረኝ አለኝ። እዚህ ጥይት መበዳደር እሳት እንደመጫጫር ነው፤ እንዴት እከለክላለሁ? ሰጠሁት። ለካ ወሰን ተገፍቶ ኖሯል። ሰው ገደለባት።»

ጥቂት ከሄድን በኋላ ቀጠሉ።

«ደሙ ሲደርቅ የገዳዩ ዘመዶች ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። እኔም ተሸክሜ ሄድኩ። ና ያለኝ የለም፤ የሟች ዘመዶችም አንተን ማን ጠራህ አሉኝ። ጥይቷ ግን የኔ ነበረች። ሞዘሯን በዚያው ሸጥኩ።» ጠመንጃዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ይቺን ግን ማን አበድረኝ ይለኛል? ማንስ ና ተኩስልኝ ይለኛል? ለአውሬ ብቻ ናት።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኔም በሰው አገር፣ በማላውቀው ደም፣ ቁርበት አስነጥፌ ነበር የተቀመጥኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ ክላሽ አላነሣሁባቸውም።

በዚያው ክረምት ባለመቀነቷ ተተኮሰች። እኔ አልነበርኩም፤ የሰማሁት ከአማቴ ሚስት ነው። ጅቡ በረቱን ሲዞር አማቴ አንድ ጊዜ ተኮሱ፤ ድምፁ ገደሉን ዞሮ ሲመለስ ማዶ ያሉ ሰዎች መብረቅ ነው ብለው ከብት አስገቡ። ጅቡ ከወደቀበት አልተንቀሳቀሰም። አማቴም ቢሆኑ ከወደቁበት ወዲያው አልተነሡም። ትከሻቸው እንደ ማሰሮ ቂጥ ጠቁሮ፣ ቅቤ ሲታሽ ሰነበተ። እየሳቁ ነው የሚታሹት አሉ። በሚቀጥለውም ዓመት አንድ ጣሉ። ከዚያ በኋላ ጅብ ያንን አፋፍ ሸሸው። እኔም ሰቆጣ ላይ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ አማቴ ስለያዙት ጠመንጃ ማውራት ጀመርኩ። በመጨረሻ የማወራው አገኘሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እኔና ባለቤቴ ሰቆጣን ለቀን በእግር አማቶቼ ቤት ገባን። መሣሪያ ያለው ይውጣ ተባለ። ወንዶች በየቤቱ እየዞሩ ሲጠሩ አማቴ ጠመንጃቸውን ከግድግዳው አውርደው፣ ጥይቷን በመዳፋቸው ይዘው ደጃፍ ቆሙ። የመጡት ሰዎች ጥይቷን ተቀባብለው አዩዋት። አንዱ ከራሱ ጥይት ጋር አስተያይቶ ሳቀ። «አባቴ፣ ይቺ ስታልቅብዎ ምን ልንሰጥዎ ነው? ይቀመጡ» አላቸውና ሄዱ።

ክላሹ ያልተሸጠለት ጎረቤት ግን ሄደ። አማቴ እስከ ኮረብታው ሸኙትና ተመልሰው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ምሳ ቀረበ፤ አልነኩትም።

«ክላሹን ገዝቼው ቢሆን እቤቱ ይቀር ነበር» አሉኝ።

«እርስዎ ይጠሩ ነበራ!»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ወጥቼ ቀን ሳይሞላ ይመልሱኝ ነበር። እሱ ግን ይቀር ነበር።»

ምን ይባላል? ሰው እጁን ከደም ለማራቅ መረጠ፤ የተወው ክላሽ ሌላውን ጎትቶ ወሰደው። ጎረቤትየው ነፍሱ ተርፋ እግሩን እያነከሰ ሲመለስ አማቴ ደጁ ሄደው ተቀመጡ። እሱ ቅያሜ አላሳየም። «እንኳን አልገዙኝ፣ ክላሹ ባይኖር ምን ይዤ እመለስ ነበር» ብሎ ሊያጽናናቸው ሞከረ። ይህ ደግሞ የባሰ ነበር።

አካባቢው በተያዘበት ሰሞን ባለመቀነቷን ከነጥይቶቿ በጆንያ ጠቅልለን ከጎተራው ሥር ቀብረናት ነበር። ስናወጣት ጠመንጃዋ በዘይት ተመለሰች። ጥይቶቹ ግን አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል። ጅቦቹ ተመልሰዋል፤ ሰው መፍራትም ትተዋል። ለምን እንደተዉ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። በመጀመሪያው የጉም ቀን አንዱ በረቱ ድረስ መጣ። አማቴ አነጣጥረው ሳቡ፤ ከሸፈች። ሌላ አጎረሱ፤ ከሸፈች። ጅቡ ቆሞ እያያቸው ሌላም ከሸፈች። በድንጋይና በጩኸት አባረርነው። በቀጠሉት ሳምንታት እንደዚያው እየከሸፉ አለቁና አንዲት ብቻ ቀረች። እሷም ትተኩስ አትተኩስ፣ ሳይስቧት የሚያውቅ የለም።

የማምጣቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። እሳቸው አምጣልኝ አላሉኝም፤ እንዳልኩት፣ አይጠይቁም። ባለቤቴ ናት የቀረችውን ጥይት ፎቶ በስልኬ አንሥታ «አማች ከሆንክ አሁን ሁን» ያለችኝ። ለሥራ ባሕር ዳር ስወርድ ጠየቅኩ። አዲስ አበባ ለስልጠና ስሄድም ጠየቅኩ። ሕጋዊው መንገድ የአደን ፈቃድ፣ የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከውጭ ማዘዝ ነው፤ ይህን የነገረኝ ሰው ራሱ ነግሮኝ ሲጨርስ አዘነልኝ። ሕጋዊ ያልሆነውን መንገድ የሚያውቅ ሌላ ሰው ደግሞ ስልኬን ይዞ ፎቶዋን አስፍቶ አየና መለሰልኝ።

«ይቺ የአውሬ ናት፤ የለችም» አለኝ። «የሰው ከሆነ እዚሁ ቁጭ ብለህ ላስመጣልህ እችላለሁ።»

ተናድጄ ወጣሁ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ሰውዬው እውነቱን ነው የነገረኝ። በኋላ አንዱ የሞዘር ጥይት ሰጠኝ፤ «ስምንት አይደለች? ሞዘርም ስምንት ነው» ብሎ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ተሸክሜ አመጣሁ። አማቴ አጎረሷት። አጭርና ቀጭን ሆና ውስጥ ገብታ ተንገጫገጨች። አውጥተው ሰጡኝና ሳቁ። «ልጅ የእናቷን ቀሚስ ለበሰች» አሉ። ሲስቁ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልቻልኩም።

የመጨረሻዋ ጥይት እንግዲህ ለጅቡ ነበር የተቀመጠችው። አማቴ በጨርቅ ጠቅልለው ጉያቸው ይዘዋት ይዞሩ ነበር፤ የሰውነታቸው ሙቀት ያደርቃት ይሆናል ብለው። በዚህ መሐል አዳኙ ወዳጃቸው አረፉ።

እዚያ ታላቅ ሰው ሲሞት ወንዶች በለቅሶው ሜዳ ይተኩሳሉ። ያልተተኮሰለት ሰው እንደ ባዕድ ነው የሚቀበረው። ጥይት የሌለው ከጎኑ ካለው ይበደራል፤ ነውር የለውም፤ እዚያው ሜዳው ላይ እጅ ለእጅ ሲቀባበሉ አይቻለሁ። አማቴ ከማን ይበደሩ? ባለቤቴ ጠዋት ወደ ጎን ጎትታኝ «አባባን በምንም ብለህ አስቀርልኝ» ብላኝ ነበር። መሄዳቸውን ሳይሆን መተኮሳቸውን ማለቷ ነው። እኔም መንገድ ላይ ተጠግቼ ሞከርኩ።

«አባባ፣ ያለችው የመጨረሻዋ ናት።»

«እሱስ የመጨረሻው አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ሜዳው ላይ ክላሾች ሲንጣጡ ቆዩ። አማቴ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ከዳር ቆመዋል። ያቺ ጠመንጃ ከሟች እጅ እንደወጣች የማያውቅ አልነበረም፤ ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ነው። አልቃሿ ደግሞ አየቻቸው።

«አገር ለአገር ዞሮ፣ ደክሞ ያመጣት፣
ባለመቀነቷን ድምጿን ማን አሳጣት?»

ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔ አልቃሿን አንቄ ዝም ባሰኛት በወደድኩ። አማቴ እጃቸውን ጉያቸው ከትተው ጨርቁን አወጡና ፈቱ፤ አጎረሱ፤ ወደ ሰማይ አነሡ። በልቤ ምን እንደለመንኩ አስታውሳለሁ፤ ክሸፊ ነው ያልኩት። ብትከሽፍ ሁለት ነገር ይቀልልን ነበር፤ እሳቸውም ለወዳጃቸው ያላቸውን ሰጥተዋል ይባላል፣ እኛም ከከንቱ ተስፋ እንገላገላለን።

አልከሸፈችም። ያን ድምፅ ያኔ ነው በጆሮዬ የሰማሁት። ምድሩ ተመታ፤ ከገደሉ ወፎች ተነሡ፤ ክላሾቹ ሁሉ ዝም አሉ። ለቀስተኛው በእልልታና በለቅሶ መካከል ሆነ። አማቴ ትከሻቸውን ይዘው እያለቀሱ ነበር፤ ለወዳጃቸው ይሁን ለጥይቷ ይሁን ለሁለቱም፣ አልጠየቅኳቸውም። ባለቤቴ ከሴቶቹ መሐል ሆና በዓይኗ እኔን ፈለገችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ደህናዋ ጥይት፣ ከዚያ ሁሉ መካከል የምትሠራዋ አንዷ፣ ወደ ሰማይ ሄደች።

ነሐሴ ውስጥ፣ በፍልሰታ፣ አማቶቼ ዘንድ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ጉም ነው። ከቀትር በኋላ አማቴ በሬዎቹን አፋፉ ላይ ካለው ሣር ሊመልሱ ሲነሡ ተከተልኳቸው። ጠመንጃዋን አንግተዋል፤ ባዶ መሆኗን እያወቁም ትተዋት አይወጡም። ቦራውን ቶሎ አገኘነው። ዳለቻውን በድምፁ ነው ያገኘነው። በሬ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ስንደርስ ጅቡ የዳለቻውን የኋላ እግር ይዞ ነበር። በሬው ለመዞር ይሞክራል፤ የተያዘው እግር አልታዘዝ ብሎት ተቀመጠ። አማቴ ጠመንጃዋን ከትከሻቸው አውርደው አነጣጠሩ። በዚያ ቅርበት የሚስቱት አልነበረም። ቃታውን ሳቡ፤ ቀጭ አለች። እንደገና አቀባብለው ሳቡ፤ ቀጭ። ጅቡ ቀና ብሎ ሁለታችንንም አየንና ወደ ሥራው ተመለሰ። ያቺ አስተያየት እስካሁን ትታየኛለች፤ ከቁብም አልቆጠረን። ድንጋይ እየለቀምኩ ወረወርኩ፤ ጮህኩ፤ አማቴም ጠመንጃዋን በአፈሙዟ ይዘው እንደ ዱላ እያወናጨፉ ሄዱበት። ያዝኳቸው።

ጎረቤትየው ጩኸታችንን ሰምቶ እያነከሰ ደረሰ። ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ ጅቡ ሳይመታ ጉሙ ውስጥ ገባ። ከኋላ የመንደሩ ሰው ዱላና ችቦ ይዞ እየጮኸ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩ በልቤ፤ ከጮሁት ውሾች አንዱ ራሴ እንደነበርኩ ግን አልጠፋኝም።

ዳለቻው አልሞተም። የኋላ እግሩ ጅማት ተበጥሷል፤ ሆዱም ተከፍቷል። አይነሣም። አውሬ የነካውን የሚበላ የለም፤ ጾሙም ስለሆነ ቢላዋ ያነሣ ሰው አልነበረም። የቀረው ማሳረፍ ብቻ ነው። ጎረቤትየው ክላሹን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አማቴ ተጠጋ።

«አባቴ፣ በሬው የእርስዎ ነው» አለ። «እርስዎ ይተኩሱ።»

አማቴ ክላሹን አዩት፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

«አላውቅበትም።»

«ምንም የለው። ተቀባብሏል፤ መሳብ ብቻ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎረቤትየው ወደ እኔ ዞረ። ያ ሁሉ የሻይ ቤት ወሬ፣ ያ ሁሉ የጎጃሜ ጉራ አንድ ነገር መሆን የነበረበት እዚያ ላይ ነው። እጄን ከኪሴ አላወጣሁም። በሬውም አየኝ፤ ዓይኑን ሸሸሁ። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ከንቱ ሆኜ አላውቅም። የመከርኩት አልተሰማ፣ የፈለግኩት አልተገኘ፣ አንዲት ቃታ መሳብ እንኳ አቃተኝ።

አማቴ ያቺን ረጅም ጠመንጃ ሣሩ ላይ አስተኟት። ሄደው ከበሬው ራስ አጠገብ በጭቃው ላይ ተቀመጡ። አንገቱን ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ዓይኑን ሸፈኑት፤ ጎንበስ ብለውም በኽምጣኛ ያወሩት ጀመር። እኔ ከዚያ ሁሉ ያወቅኳት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ሲያርሱ ሁለቱ በሬዎች ሲፈጥኑባቸው «ቀስ» የሚሉባት ቃል። ደጋግመው አሏት። ከዚያ ቀና ሳይሉ ለጎረቤታቸው በአማርኛ ተናገሩ፤ እኔም እንድሰማው ይሁን አላውቅም።

«ተኩስልኝ» አሉት። «እባክህ።»

ጎረቤትየው ከጎን ዞሮ፣ ያልዳነውን እግሩን አመቻችቶ ቆመ። ተኮሰ። በሬው ከእግር እስከ ራሱ ተናወጠና ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ አልሞተም። የቆመው ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። አማቴ እጃቸውን ከዓይኑ ሳያነሡ ትንሽ ጠበቁ።

«ድገምልኝ» አሉት።